በፈርንዴል ፖስታ ቤት ስለቀሩት የእናቴ ጫማዎች

ለተከበሩ የፈርንዴል አሮጌ ፖስታ ቤት ቅርስ ጥበቃ ቦርድ ሰብሳቢ
ለንደን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቦርድ አባላትዎን፣ የጥበቃ ሠራተኞችዎን፣ እንዲሁም በጣሪያዎ ላይ ደብዳቤ ይዘው የሚበሩትን ባለ ክንፍ ሥዕሎች ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ከእናቴ ከንፈር በመጣ እርጥበት ተጎድቷል ብለው የጻፉልን በመግቢያው በስተግራ የቆመው የእብነ በረድ ዓምድም ተሽሎት እንደሆነ ለመስማት እጓጓለሁ። እኛ፣ ማለትም እኔ ኪዳኔ ብርሃኑና እናቴ ወይዘሮ ውባንቺ ደግፌ፣ በቶተንሃም ባለችው ጠባብ ቤታችን ውስጥ ከእናቴ ጉልበትና ከእኔ እንቅልፍ በቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ። በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት ሦስቱንም ጊዜ ኮምፒዩተርዎ ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ መልሶልኛል፤ ስለጎበኘናችሁ አመስግኖ፣ ጉብኝቱን ከአምስት ኮከብ ስንት እንደምንሰጠው ጠይቆናል። በዚያው ገጽ ግርጌ «በማንኛውም ቋንቋ ይጻፉልን» የሚል አንብቤ ተጽናናሁ። በትሕትና መቆጣት የምችልበት ቋንቋ አንድ ብቻ ስለሆነ እነሆ በእሱ መጥቻለሁ። አስተርጓሚ እስኪያፈላልጉ ድረስም የማኅበረሰባችን መጽሔት አንባቢዎች እንዲያዩት ለአዘጋጆቹ ሰጥቼዋለሁ፤ ብዙዎቹ አረጋውያን እናቶች ያሏቸው በመሆናቸው ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው።

ጉዳዩ ለእርስዎ የጫማ ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ግን የመኖር ጉዳይ ነው። እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። እዚህ አገር የምትኖርበት ካርድ ጊዜው ሊያበቃ ሲል እንዲታደስላት አመለከትን፤ ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም አሻራዋንና ፎቶዋን የምትሰጥበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ጽፎ ላከልን። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል፣ እናንተ ሁለት ተኩል የምትሉት፣ ቦታው ፈርንዴል አሮጌ ፖስታ ቤት፣ መስኮት ቁጥር ሁለት ነበር። ከታች በደማቅ ቀለም፣ በቀጠሮዋ ሳትቀርብ ብትቀር ማመልከቻዋን እንደተወችው ይቆጠራል ይላል። ማመልከቻዋን ከተወች መመለስ አለባት፤ መመለሻ ግን የላትም። አርባ ዓመት የኖረችበት ሰፈር ፈርሶ መንገድ ሆኗል፤ አብራት ትኖር የነበረችው እህቷም ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልን አይደለም፤ ያን ቀን ምን ፈልገን እንደመጣን በመዝገባችን የለም ስላሉኝ ለመዝገቡ እንዲሆን ነው።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ግን ምስጋና ይቅደም። ሕንፃዎ ያምራል፤ በእውነት ያምራል። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ከካሌዶኒያን ሮድ ወረድ ብሎ በሚያልፈው መንገድ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሼ ከደረጃዎ በላይ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር፣ ምክንያቱም የነጂ ዓይን መስታወቱና መንገዱ ላይ ነው። ያን ቀን ግን ገብቼ አየሁት። ጉልላቱ ከላይ በወርቅ ቀለም ተለብጧል፤ ዓምዶቹ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይና ነጭ ሆነው ይወርዳሉ፤ የመስኮቶቹ ፍርግርግ ነሐስ ነው፤ ወለሉ በትንንሽ ባለ ቀለም ድንጋዮች ተለቅሟል። አንድ ሳንቲም የምታወጣ ቴምብር ለመግዛት የሚመጣ ሰው እንዲህ ባለ ቤት ይስተናገድ ብሎ ያሠራውን ሰው ነፍሱን ይማር። ያ ሰው ተራውን ሰው ያከብር ነበር፤ ቤቱን ለእናንተ ሲያወርስ ያንን ጨምሮ ሳያወርስ መቅረቱ ያሳዝናል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓቱ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። ለአቀባበልዎ አመሰግናለሁ። የቀጠሮውን ወረቀት በእጄ ይዤ፣ እናቴን በሌላው እጄ ይዤ ትልቁን ደረጃ ስወጣ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አንድ ፈገግተኛ አስተናጋጅ ቆሞ አገኘሁ። ወረቀቱን አሳየሁት። ወረቀቱን ሳይሆን እኛን አይቶ እንኳን ደህና መጣችሁ አለን፤ ደረታችን ላይ ክብ ቢጫ ወረቀት ለጠፈልንና በእጁ ወደ ውስጥ አመለከተን። መስኮት ቁጥር ሁለት ያለው ከሕንፃው ጀርባ፣ ከቆሻሻ መጣያዎቹ አጠገብ ባለው ሰማያዊ በር በኩል መሆኑን፣ ትልቁ በር ግን ጌጡን ለሚያዩ ጎብኚዎች ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው። ተመልሼ ልውጣ ብል የጉብኝቱ መንገድ አንድ አቅጣጫ ነው፣ ወደ ኋላ አይኬድም፣ አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው ተባልሁ። ሰዓቱ ስምንት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር። አውቶቡስ ነጂ ነኝና ስለ አንድ አቅጣጫ መንገድ የሚያስረዳኝ አያስፈልግም፤ እኔ የማውቀው ግን የትም ይሁን የት የሚያወጣውን ነው።

በሩ ላይ ሌላም ነገር ሆኗል። እናቴ ቀና አለች። ጉልላቱን አየች፣ ወርቁን አየች፣ በደመና ላይ ቆሞ የታሸገ ደብዳቤ የዘረጋውን ባለ ክንፍ አየች። አስጎብኚዎ በኋላ እንደነገረን ያ ሥዕል የቴሌግራፍ ምሳሌ ነው። እናቴ ግን መልእክት ይዞ የሚመጣ ባለ ክንፍ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ስሙም ቴሌግራፍ አይደለም፣ ገብርኤል ነው። «ኪዳኔ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ መስኮት ቁጥር ሁለት የቱ ጋ እንደሆነ በስልኬ እየፈለግሁ ነበርና፣ ቀና ሳልል «አዎ እማዬ፣ ግቢ» አልኳት። ወደዚህች ቃል ኋላ እመለስባታለሁ።

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነው ከተባለች እንግዲህ የሚገባውን አደረገች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፤ ዓምዱን ተሳለመች፣ ቅሬታ ያቀረቡበት የከንፈር ጉዳይ ይኸው ነው፤ ከዚያም ጫማዋን አወለቀች። በእኛ ዘንድ ጫማ አድርጎ ወደ ተቀደሰ ቦታ አይገባም። ደግሞ ልምድ ያላት ሴት ናት፤ ምእመናን ሲጸልዩ ደጅ ላይ ጫማ የሚሰርቅ እንደማይጠፋ ከብዙ በዓላት ስለተማረች ፌስታል ከቦርሳዋ አይለይም። ጫማዋን በፌስታል ከተተች፣ አፉን ሁለት ጊዜ ቋጠረች፣ ሌባ እንዳያየውም ከዓምዱ ጀርባ ሸጉጣ እኔን ተከትላ ገባች። እኔ አላየሁም። አስተናጋጅዎም አላየም። ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ በሚያይበት ቤት የአንዲት አሮጊትን እግር ማን ያያል።

ሁለተኛ። ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ልክ በስምንት ሰዓት ከአምስት ደወሉ ጮኸ፤ ትልቁ በር ተዘጋ፤ ከበሩ አጠገብ ባለቤት አልባ ዕቃ ስለተገኘና መውጫችን በዕቃው በኩል ስለሆነ ባለንበት እንድንቆይ ተነገረን። ሠላሳ ያህል ሰው በአዳራሹ ውስጥ ታገደ። ጥንቃቄ መልካም ነው፤ እኔም በሥራዬ ተምሬዋለሁ። አውቶቡሴ ላይ ሰው የተወው ቦርሳ ሳይ መኪናውን አቆማለሁ፤ ከዚያ ዞር ብዬ በድምፅ ማጉያው «ይህ የማን ነው?» እላለሁ። ከአሥሩ ዘጠኙን ጊዜ ከኋላ አንዲት አሮጊት እጇን ታወጣለች። በአሥረኛው ፖሊስ እጠራለሁ። ከእርስዎ የሥልጠና መጽሐፍ ውስጥ የጎደለችው ይህች ሦስት ቃል ያላት ጥያቄ ብቻ ትመስለኛለች። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል በዚያ ሕንፃ ውስጥ ማንም ማንንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀም።

ስለ መስኮት ቁጥር ሁለትም መናገር ይገባኛል። ከቆምንበት ሃያ እርምጃ አይርቅም ነበር። በነሐሱ ፍርግርግና ከኋላው ባለው ወፍራም መስታወት በኩል ጸሐፊዋን አያታለሁ፤ መነጽሯን፣ የሻይ ስኒዋን፣ የአሻራ ማንሻውን አረንጓዴ መብራት ሳይቀር አያለሁ። የእነሱ ክፍል የራሱ በር ስላለው ሥራው አልቆመም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፤ እርስዎ ግን ላሚቱን በመስታወት ውስጥ አሳዩኝ። ስምንት ተኩል ሲል ጸሐፊዋ በድምፅ ማጉያ የእናቴን ስም ጠራች። ድምፁ በጉልላትዎ ሥር እንደ ቅዳሴ ዞሮ መጣ። እናቴ ስሟ እንዲያ ባለ ቤት ውስጥ ሲጠራ ሰምታ ደንገጥ አለችና፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ፣ «አቤት» አለች። ሁለተኛ ተጠራች፤ «አቤት» አለች። እኔ ፍርግርጉን በሁለት እጄ እየነቀነቅሁ እዚህ ነን፣ እዚህ ነን ስል የጥበቃ ሠራተኛዎ ነሐሱ መቶ ምናምን ዓመት እንዳለው በትሕትና አስታወሰኝ። ሦስተኛ ተጠራች። ሦስተኛም «አቤት» አለች። ያ መስታወትዎ ድምፅ ከእነሱ ወደ እኛ ያሳልፋል፤ ከእኛ ወደ እነሱ ግን አያሳልፍም። ጸሐፊዋ ዙሪያዋን አየች፣ አንድ ቁልፍ ተጫነች፣ ቀጥላ ሌላ ሰው ጠራች። በዚያች ቁልፍ እናቴ ያልቀረበች ሆነች።

ሦስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ በእርስዎ ደብዳቤ ውስጥ ቦታ ስለያዘ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ሌላ የማቀርብበት ቦርድ ስለሌለኝ ነው።

ደወሉ ከጮኸ አምስት ደቂቃ በኋላ፣ በስምንት ከአሥር ላይ፣ የእናቴን እግር አየሁ። በወለሉ አበቦች ላይ በወፍራም ካልሲ ቆማለች። ጫማዋ የት እንደሄደ ብጠይቃት፣ «ደጅ ነው፣ በደንብ ቋጥሬዋለሁ፣ አይሰረቅም» አለችኝ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። የሚጮኸው ደወል፣ የተዘጋው በር፣ ውጭ የሚጠራው ፖሊስ፣ ሁሉም የእናቴ ጫማ ነው። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ አላወጣሁትም። ዝም አልሁ። ጉዳያቸው በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰዎች ዝምታ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ፤ ስማችን ከደወልና ከፖሊስ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ እንዳይጻፍ ፈራሁ። የጥበቃ ሠራተኛው ፊት ላይ ያለውን አይቼ ፈራሁ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይከፈታል አልሁ። እናቴ ግን ከጎኔ ቆማ የአስጎብኚዎን ንግግር ታዳምጣለች፤ አስጎብኚው ሰዉን ለማረጋጋት ብሎ ስለ ፖስታ ታሪክ ይናገር ነበርና፣ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ቀስ ብላ አሜን ትላለች። «ስብከቱ ረዘመ እንጂ ሰውየው ይችልበታል» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን አይደለም ብዬ ልነግራት አፍሬ ይህንንም ዝም አልሁ።

ሃያ ደቂቃ ዝም አልሁ፤ ከስምንት ከአሥር እስከ ስምንት ተኩል። ስሟ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስት ጊዜ «አቤት» ካለች በኋላ ነው አፌ የተከፈተው። በስምንት ከአሥር ብናገር ኖሮ ይከፍቱልን ነበር ወይ የሚለውን አላውቅም፤ ቀጥሎ የምጽፈውን ሲያነቡ እርስዎም የሚያውቁ አይመስለኝም። ግን አልተናገርሁም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አራተኛ። ስለ ሥልጣን ክፍፍልዎ ያለኝን አድናቆት እገልጣለሁ። ወደ ጥበቃ ሠራተኛዎ ሄጄ፣ ዕቃው የእናቴ ጫማ ነው፣ ቁጥሩ ሠላሳ ሰባት ነው፣ ጥቁር ነው፣ የግራው ተረከዝ ተበልቷል፣ ፌስታሉ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል አልሁት። አመነኝ። የእናቴን እግር ሲያይ ከልቡ እንዳመነኝ ፊቱ ላይ አየሁ። ነገር ግን ስለ ዕቃው መረጃ የሚቀበለው የክስተቱ ኃላፊ ብቻ ነው አለኝ። ኃላፊው የት አሉ አልሁት። ከተዘጋው በር ውጭ ናቸው። በስልክ ይንገሩልኝ አልሁት። በክስተት ጊዜ ስልክ አይፈቀድም። እንግዲያው እንዴት ይድረሳቸው ብል፣ ቅጽ ሙላ አለኝ፤ በሩ ሲከፈት ይሰጣቸዋል። ሞላሁ። የእናቴን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የጫማዋን ቁጥር፣ የቀጠሮዋን ሰዓት ጻፍሁ። በሩ የሚከፈተው በፌስታሉ ውስጥ ያለው ሲታወቅ ነው፤ በፌስታሉ ውስጥ ያለውን የያዘው ቅጽ የሚወጣው በሩ ሲከፈት ነው። በዚያ ቤት ሠላሳ ሰው ዕቃው ምን እንደሆነ አውቆ፣ እንዲያውቅ የተፈቀደለት ግን አንድም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በአጭሩ ላልፈው እፈልጋለሁ። እናቴ ድንጋዩ ቀዝቅዟት ቁጭ አለች። አስጎብኚዎ ንግግሩን አቋርጦ መጣና ኮቱን አውልቆ አነጠፈላት፤ ለዚህ ሰው ያለኝ ምስጋና ሽሙጥ የለበትም፣ እባክዎ ደመወዝ ይጨምሩለት። እሷም ኮቱ ላይ ተቀምጣ ባለ ክንፉን እያየች ትጸልይ ነበር። ስለ ምን እንደምትጸልይ ብጠይቃት፣ በር ላይ ለቆሙት፣ ሥራ አላቸው፣ ደክሟቸዋል አለችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ወፍራም ልብስ የለበሱ ባለሙያዎች መጡ፤ ከሩቅ በመሣሪያ ፌስታሉን ቀደዱት። ሪፖርትዎ ስላገኙት ነገር ትክክል ነው፤ አንድ ጥንድ ጥቁር የሴት ጫማ፣ የግራው ተረከዝ የተበላ። የጎደለው ነገር ቢኖር ይህ ቃል በቃል ቅጼ ላይ የተጻፈ መሆኑ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ተኩል ሲል በሩ ተከፈተ። ወደ ጀርባው፣ ወደ ሰማያዊው በር ሮጥሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት ተዘግቷል። ተመልሼ ጫማዋን ብጠይቅ የክስተቱ ማስረጃ ነው፣ አይሰጥም ተባልሁ። የእኔን ቁጥር አርባ ሦስት ጫማ አደረግሁላትና እኔ በካልሲ ሄድሁ። ማቆሚያው ላይ የመጣው ነጂ የጋራዥ ባልደረባዬ ሳዶቅ ነበር፤ እግሬን አየ፣ እናቴን አየ፣ አንድ ቃል ሳይጠይቅ በሩን ከፍቶ ለመውጣት እንዲመቻት የአውቶቡሱን ወለል ዝቅ አደረገላት። ጫማዋ እንደቀረ የነገርኳት አውቶቡሱ ውስጥ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እንዳልነበረም አያይዤ ነገርኳት። ትስቅ ጀመር። «ተወኝ እባክህ፣ ጫማ የሚጠፋው ቤተ ክርስቲያን አይደል?» አለች። ቀጠሮው ማለፉን ግን ቤት እስክንደርስ አልነገርኳትም። ስነግራት አልሳቀችም፤ «አቤት ብዬ ነበር እኮ» ብቻ አለች።

አምስተኛና የመጨረሻ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በቦርድዎ ማኅተም የተከበሩ ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውናል። የመጀመሪያው ለወይዘሮ ውባንቺ ደግፌ የተጻፈ ሆኖ፣ በተጠቀሰው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ በሕንፃው ውስጥ ባለቤት አልባ ዕቃ ትታ ሕንፃው ከነጎብኚዎቹ እስከ አሥራ አንድ ተኩል እንዲዘጋ ስላደረገችና ቅርሱን በከንፈሯ ስለነካች ለአሥራ ሁለት ወራት ወደ ሕንፃው እንዳትገባ መታገዷን ይገልጻል። ሁለተኛው ለእኔ ልመና የተሰጠ መልስ ነው። በቀጠሮዋ ሰዓት እዚያው እንደነበረች አንዲት መስመር ይጻፉልኝ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ላቅርብ ብዬ ነበርና፣ የጎብኚዎች ስም ስለማይመዘገብ በዚያ ቀን እንዲህ የሚባሉ ሴት በሕንፃው ውስጥ ስለመኖራቸው ቦርዱ ምንም መረጃ የለውም ይላል። ስሟን ያገኛችሁት እኔ ከሞላሁት ቅጽ መሆኑን ለማስታወስ አልደፍርም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይባላል በእኛ አገር፤ ላሚቱ እዚህ አልዋለችም እያሉ ኩበቷን በማስረጃ ክፍል ቆልፈው የያዙ ግን እርስዎን ብቻ አየሁ።

እዚህ ላይ ግን ከልብ ላመስግንዎ። የእገዳውን ደብዳቤ ከእኔ ማመልከቻ ጋር አያይዤ ለመሥሪያ ቤቱ ላክሁት። ቀኑ ተጽፏል፣ ሰዓቱ ተጽፏል፣ ሙሉ ስሟ ተጽፏል፣ ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይነበባል። በቀጠሮዋ ሰዓት ያለ ጥርጥር በሕንፃው ውስጥ እንደነበረች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም ብለው ተቀበሉት። ማመልከቻዋም እንደገና ተከፈተላት። እናቴን በማገድ ከመባረር ያዳናት ቦርድዎ ነው፤ ወረቀቱን በመስታወት አድርጌ ሳሎኔ ሰቅዬዋለሁ።

አዲስ ቀጠሮም ሰጥተዋታል። የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ተኩል፣ ፈርንዴል አሮጌ ፖስታ ቤት፣ መስኮት ቁጥር ሁለት።

ለመሥሪያ ቤቱ ደውዬ ቦታው ይቀየርልን ብዬ ለመንሁ። ቀጠሮ የሚቀየረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የእናንተ አንድ ጊዜ ይህ ነው አሉኝ። ስለ እገዳው ብነግራቸው፣ እሱን የሚያነሣው ያገደው ነው አሉኝ። ለእርስዎ ቢሮ ብደውል ደግሞ፣ የእገዳ ይግባኝ በአካል ሕንፃው ድረስ ቀርቦ የሚሞላ ቅጽ እንዳለው ገለጹልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ እያለሁ በርዎን ባለፍሁ ቁጥር፣ በሩ ከውጭ ወለል ብሎ ክፍት ነው፣ እኔ ግን እስካሁን ከውስጥ እንዳለሁ ነው የሚሰማኝ። እናቴ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ አግኝቻት ምን ልትሠሪ ነው ብላት፣ ምንም፣ ልጠርገው ብዬ ነው አለችኝ።

ስለዚህ የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። ከሁለቱ ደብዳቤዎችዎ አንዱን ይምረጡልን። እናቴ በሕንፃው ውስጥ ካልነበረች እገዳው የሌላ ሰው ነውና ይነሣላት። ከነበረች ደግሞ ስሟ ተጠርቶ «አቤት» ያለች ሴት ናትና፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ፣ በቆሻሻ መጣያዎቹ በኩል ባለው በር፣ ጌጡን ሳታይ፣ ዓምዱን ሳትስም፣ አሥሩን ጣቶቿን አስነክታ እንድትወጣ ይፈቀድላት። መልስዎን ከማክሰኞ በፊት እጠባበቃለሁ፤ ኮምፒዩተርዎ ከመለሰልኝ ግን አምስቱንም ኮከብ እንደምሰጠው አስቀድሜ አረጋግጣለሁ።

ለቅርስ ባላቸው ፍቅር፣ ለበር ባላቸው ጥንቃቄና ለማኅተም ባላቸው ልግስና ወደር ለማይገኝላቸው ለእርስዎና ለተከበረው ቦርድዎ ረጅም ዕድሜን፣ ሙሉ ጤናን፣ በየሄዱበት ሁሉ የሚከፈት በርን እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ዝቅ ብዬ የምሰናበት፣

ኪዳኔ ብርሃኑ
አውቶቡስ ነጂ፣ የወይዘሮ ውባንቺ ልጅ
ቶተንሃም፣ ለንደን

ሳልረሳው፦ ጫማዎቹ በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ባለቤት ካልቀረበላቸው እንደሚወገዱ ጽፈዋል። ባለቤታቸው እንዳትቀርብ የታገደች ስለሆነች አይቸገሩ፣ ያስወግዷቸው። ማክሰኞ ግን መልስ ቢመጣም ባይመጣም እንመጣለን። እናቴ ጫማዋን ደጅ ላይ አታወልቅም ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በየበሩ ቆማ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይ ትለኛለች፣ እኔም ስልኬን ኪሴ ከትቼ በደንብ አይቼ ነው የምመልስላት። የጥበቃ ሠራተኛዎ በሰማያዊው በር አጠገብ ባለቤት አልባ የመሰለች አሮጊት ካየ፣ ደወሉን ከመደወሉ በፊት አንድ ጊዜ «የማን ናት?» ብሎ ይጠይቅ። አጠገቧ ቆሜ እገኛለሁ። በዚህኛው ጊዜ ሃያ ደቂቃ አልፈጅም።